ከሚናራው በፊት መሬቱን እንጠይቅ



እኛ አቃቂ ቃሊቲ ያለን ሰዎች አንድ ነገር ያሳስበናል። ለመስጂድ ግንባታ ገንዘብ ማሰባሰብ ሲጀመር ቀድሞ በቴሌግራም የሚዞረው የኢስታንቡል መስጂድ ፎቶ ነው። ያምራል፤ ግን ውበቱ ከየት መጣ?

ኢስታንቡል በኮረብታና በባሕር መካከል ያለች ከተማ ናት። ሙስሊሞች እ.ኤ.አ. በ1453 ሲገቡባት ከ900 ዓመት በላይ የኖረው የአያ ሶፍያ ሕንፃ ከነጉልላቱ ጠበቃቸው። ታላቁ አርክቴክት ሲናን ከእሱ ተምሮ፣ በ1557 የተጠናቀቀውን የሱለይማኒያ መስጂድ ከባሕሩ በሚታይ ኮረብታ ላይ አቆመው። ጉልላቱን ታሪክ፣ ከፍታውን መሬት ሰጠው።

በዚያው ዘመን የእኛዋ ሐረር ሌላ መንገድ ያዘች። በጦርነቱ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ከተማዋን በጀጎል ግንብ አጠሯት፤ አምስት በርም ነበራት። በግንቡ ውስጥ ቤት ከቤት ተጠጋ፣ መንገዱ ቀጠነ፣ ለመንገደኛ ጥላ ሆነ። ቤቱ በአካባቢው ድንጋይ ተሠርቶ ፊቱን ወደ ግቢ አዞረ፤ የቤተሰብ ገመና ተጠበቀ። መስጂዶቿ ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን 82 ነው። ዩኔስኮ በ2006 የመዘገባት የሌላ አገር ፎቶ ስለገለበጠች አይደለም።

የእኛስ መሬት? የአቃቂ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ደካማ የሆነ ግድግዳም አብሮት ይሰነጠቃል። የአዲስ አበባ ወንዞች ቁልቁል የሚወርዱት ወደ እኛ ነው። ታሪካችን ደግሞ ባቡርና ፋብሪካ ነው፤ እንጀራ ፍለጋ ከየአገሩ የመጣ፣ በፈረቃ የሚሠራ ሕዝብ ነው። ለዚህ ሰው ከሩቅ ከሚታይ ሚናራ ይልቅ በእረፍት ሰዓቱ ደርሶ ዙህርን የሚሰግድበት የቅርብ መስጂድ ይበልጥበታል።

«ታዲያ ያማረ መስጂድ አይገባንም?» የሚል ይኖራል። ይገባናል! ግን የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ በመዲና ሲሠራ ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የተምር ዝንጣፊ ነበር። አገሩ ያፈራውን ነው የተጠቀሙት።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ በየሰፈራችሁ የመስጂድ ኮሚቴዎችን በአደብ ጠይቁ፦ አፈሩ ተመርምሯል? ጎርፉ በየት ይወጣል? የሴቶች መስገጃና የውዱእ ቦታው በፕላኑ አለ? የቀን ሠራተኛ ከጉሮሮው ቀንሶ የሰጠው ብር አማና ነው። መጀመሪያ መሠረቱ ላይ ይዋል፤ ጉልላቱ፣ ኢንሻአላህ፣ ይደርሳል።