ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ተግባቢ

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ አንዱ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ጎራ ብላችሁ «ሲቪ ላሠራ ነበር» ብትሉ፣ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ልጅ ስማችሁን፣ የትውልድ ዘመናችሁንና ስልካችሁን ትጠይቃለች። ከዚያ በላይ አትጠይቅም፤ የቀረው ተሠርቶ ያለቀ ነው። ትናንት ለሌላ ሰው ያዘጋጀችውን ፋይል ትከፍታለች፣ ስሙን ታጠፋለች፣ የእናንተን ትተካለች። አካውንቲንግ የተማረው ልጅ፣ ነርሷና የሶሲዮሎጂ ምሩቋ በአንድ ከሰዓት «ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ተግባቢ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል» ሆነው ይወጣሉ። ልጅቷ ላይ አልፈርድም። የምትከፈለው በገጽ ነው፤ ወረፋውም በር ላይ ደርሷል።

ለባንክ ወይም ለፋብሪካ ሥራ ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ውጤቱና ፈተናው ሰውን ከሰው ይለያሉ። ከሰው ችግር ጋር ለሚውል ሥራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሶሻል ወርከር፣ የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ፣ የአረጋውያን ተንከባካቢ፣ ቤት ለቤት የሚዞር የጤና ፕሮጀክት ሠራተኛ ሲቀጠር መልማዩ በልቡ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰው የማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ፣ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ አዳምጦ፣ አንድ የረባ ነገር አድርጎ መውጣት ይችላል? አልፎ አልፎ ትንንሽ ድርጅቶች ሰው ሲመርጡ አብሬ ስለምቀመጥ የሲቪውን ክምር አውቀዋለሁ። ወረቀቶቹን አገላብጣችሁ ስትጨርሱ አንድም ሰው አላገኛችሁም፤ ያገኛችሁት አንድ ቅጽል ነው፣ በመቶ ስም የተጻፈ።

ፉክክሩም እንደ ቀድሞው አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ስለሚፈተን «ፈተናውን አልፌያለሁ» ማለት ከመደዳው አያወጣም። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ባለሙያዎች ውል ተቋረጠ፤ ብዙ ፕሮጀክቶችም ታጠፉ። የዓመታት ልምድ ያላቸው ሰዎች አዲስ ምሩቁ የሚያየውን ያንኑ የቴሌግራም ማስታወቂያ እያዩ ነው። ከእነሱ ጋር በልምድ ብዛት መሽቀዳደም አይቻልም። የሚቻለው፣ ያለውን ሳይደብቁ መጻፍ ነው። የጉራጌ ልጆች ደግሞ ያላቸውን በመደበቅ የሚያህላቸው የለም።

የቋንቋውን ሰንጠረዥ ተመልከቱ። «አማርኛ፣ እጅግ በጣም ጥሩ። እንግሊዝኛ፣ በጣም ጥሩ።» አለቀ። ጉራጊኛ የት ገባ? ከእምድብር የመጣው ልጅ እናቱን በስልክ የሚያዋራው በቸሃ ነው። ከቡኢ የመጣችው አፏን የፈታችው በክስታንኛ ነው። ቡታጅራ ገበያ ቆማችሁ መስቃንኛ፣ ስልጢኛና ማረቆኛ ሳትሰሙ አንድ ዙር መዞር አትችሉም፤ ወልቂጤ ላይ ቀቤንኛውና ኦሮምኛው ይጨመራል። ልጆቹ ይህን እንደ ችሎታ የማይቆጥሩት፣ ማንም አስተምሮ ሰርተፊኬት ስላልሰጣቸው ነው። ነገር ግን ዕድሜያቸው የገፋ እናት ልጃቸው እጁን እንዳነሳባቸው ለመንግሥት ሠራተኛ በአማርኛ አይናገሩም። ቢናገሩም አሳጥረው፣ አለስልሰው ነው። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ድርጅት እነዚህን ቋንቋዎች የሚያውቅ ሰው ማለት አስተርጓሚ የማያስፈልገው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ መጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ያውም በደረጃው፤ ቸሃ አፍ መፍቻ፣ ቀቤንኛ መጠይቅ ለመሙላት የሚያበቃ፣ ኦሮምኛ ለሰላምታና ለገበያ። የገበያውን ኦሮምኛ «በጣም ጥሩ» ያለ ሰው መስክ በወጣ በመጀመሪያው ቀን ይጋለጣል።

ባለፈው ክረምት አንዲት ምሩቅ ሲቪዋን እንዳይላት ሰጠችኝ። «የሥራ ልምድ» ከሚለው ርዕስ ሥር ባዶ ነበር።

«ልምድ የለኝማ ጋሼ፣ መመረቄ ገና ነው።»

«ቤት ስትሆኚስ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምንም። አባባ የእድር ጸሐፊ ነው፤ ዓይኑ ስለደከመ መዝገቡን የምይዝለት እኔ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ነው የጀመርኩት።»

መዝገቡን አምጥታ አሳየችኝ። ጠርዙ በፕላስተር የተያያዘ ትልቅ ደብተር ነው። በግራ በኩል ስም፣ ቀጥሎ ወሩ፣ ቀጥሎ መዋጮው፤ በስተመጨረሻ ደግሞ እድሩ ያላዘዛት፣ እሷ በማስመሪያ የጨመረችው አንድ ጠባብ ዓምድ አለ። «ይሄስ?» ስላት «ሦስት ወር ያላዋጣ ሰው ካለ ቤቱ ሄጄ እጠይቃለሁ» አለች። «አንዳንዱ ታሞ ነው፣ አንዳንዱ አፍሮ ነው። ዝም ብሎ ስሙ ከተነበበ ሁለተኛ አይመጣም። ለኮሚቴው ለብቻ እነግራቸዋለሁ፣ እነሱ ያልፉለታል።» ዓምዱ ውስጥ ያለው ምልክት ምን ማለት እንደሆነ ከእሷና ከአባቷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ትላልቆቹ ድርጅቶች ይህን የጉዳይ ክትትል ይሉታል፤ ሠልጣኝ ሰብስበው፣ ሆቴል ተከራይተው፣ አበል ከፍለው ያስተምሩታል። እሷ ዘንድ «ምንም» ነው። አብረን የጻፍነው እንዲህ የሚል ነበር፤ «የእድር ጸሐፊ ረዳት፤ የ140 አባወራ የመዋጮ መዝገብ ይዣለሁ፤ መዋጮ ያቋረጡ አባላትን ቤታቸው ሄጄ ምክንያቱን በማጣራት ለኮሚቴው በምስጢር አቅርቤያለሁ፤ ሐዘን ሲደርስ የተረኛ ቤተሰቦችን ጥሪ አስተባብሬያለሁ።» «ረዳት» የሚለውን ማንሳት ፈልጋ ነበር። አይሆንም አልኳት። ጸሐፊው አባቷ ነው፤ ስለዚህ ሥራ የሚደወልላቸው ሰዎችም ይህን ያውቃሉ።

እንዲህ ያለ ሥራ ሞልቷል። ክረምት ክረምት በበጎ ፈቃድ ወጥተው የአቅመ ደካማ አረጋዊ ቤት ቆርቆሮ የለወጡ፣ ደም ያስለገሱ፣ ሕፃናት ያስጠኑ ልጆች ሲቪያቸው ላይ ቢበዛ «በበጎ ፈቃድ ተሳትፌያለሁ» ይላሉ። አንድ ለአምስት ተደራጅተው ጎረቤቶቻቸውን ለእርግዝና ክትትል ጤና ኬላ ያመላለሱ እናቶች ለጽዳት ሥራ እንጂ ለማኅበረሰብ ቀስቃሽነት አያመለክቱም። ስንት ቤት? ስንት ልጅ? ከዚያ ምን ተገኘ? እነዚህ ሦስቱ ሲመለሱ ወረቀቱ ሰው ሰው ይሸታል።

«የእኛ ሥራ በቁጥር አይገለጽም» የሚል አላጣም። ይህን የሚለው ጉራጌ ምድር ላይ ቆሞ ከሆነ ግን ይገርመኛል። ከወልቂጤ እምብዛም የማይርቀው አጣጥ ሆስፒታል ከሩቅ ገጠር የሚመጡ፣ ወሊዳቸው ያሰጋል የተባሉ እናቶች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት ቤት አለው። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 የመዘገባቸው ከ24,000 በላይ ወሊዶች ተጠንተው ታትመዋል። በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል ሞቶ የተወለደው ሕፃን ከ1,000 ውስጥ 18 ያህል፣ በቀጥታ ከመጡት ዘንድ ግን 191 ያህል ነበር። በቀጥታ የመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ናቸውና ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው ማለት አይቻልም፤ ግን ማን ገባ፣ ማን ወለደ፣ ምን ሆነ ብሎ ሃያ ዓመት የጻፈ ሰው ባይኖር ይህን መከራከርም ባልተቻለ።

ቡታጅራም እንደዚሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው የጤና ጥናት ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችንና አንድ የከተማ ቀበሌ ይዞ ልደትና ሞት ቤት ለቤት ሲቆጥር ኖሯል። ኋላም በዚያው አካባቢ ከ68,000 በላይ ሰዎች ስለ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ተጠይቀዋል። ከመጠይቁ ጎን ለጎን መንደራቸውን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች «እገሌ ታሞ ቤት ተዘግቶበታል» ብለው ይጠቁሙ ነበር። በር እያንኳኳ የጠየቀው፣ የጠቆመውም የአገሬው ሰው ነው። ቡታጅራን በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ያስጠራው ይህ ሥራ በልጆቻችን ሲቪ ላይ «ዳታ ሰብሳቢ» ተብሎ በሁለት ቃል ያልቃል። ስንት ቤት እንደዞረ፣ በር የዘጋበትን ሰው እንዴት እንዳሳመነ፣ ስንት መጠይቅ ለእርማት እንደተመለሰበት ቢጽፍ ማን ይጠላል?

ቁጥር ጻፉ ስል ግን የሰው ገመና ጻፉ ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ እጄ የገባ ሲቪ አመልካቹ የረዳትን ልጅ ዕድሜዋን፣ ቀበሌዋን፣ የደረሰባትን ጥቃትና የደፋሪዋን ዝምድና ዘርዝሮ ነበር። ስሟን አልጻፈም፤ መጻፍ አላስፈለገውም። በእኛ ከተሞች ልክ እነዚህ አራት ነገሮች ከተነገሩ ልጅቷን የማያውቅ የለም። ሲቪው ደግሞ በኢሜይል፣ በፍላሽና በኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ዞሮ ዞሮ ነው የሚደርሰው። ሰውየው ችሎታውን ላሳይ ሲል ለዚህ ሥራ እንደማይሆን በገዛ እጁ ጻፈ። «ጥቃት የደረሰባቸውን ሕፃናት ከፖሊስ፣ ከጤና ጣቢያና ከዐቃቤ ሕግ ጋር አገናኝቻለሁ» ማለት ይበቃ ነበር።

የመልማዮቹም ጥፋት ቀላል አይደለም። ማስታወቂያው «ሶሲዮሎጂ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ ወይም ተዛማጅ» ይልና «ሁለት ዓመት ልምድ» ብሎ ይዘጋል። የት ሄዶ ያምጣ? ሙያው ራሱ እንደ ሙያ የተቆራረጠ ታሪክ ነው ያለው። የመጀመሪያው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ተከፍቶ በደርግ ዘመን ተዘጋ፤ ትምህርቱ በማስተርስ ደረጃ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ዛሬ ቅጥር የሚያጸድቁት ብዙዎቹ ሶሻል ወርከር ሲሠራ ሳያዩ ያደጉ ናቸው፤ ስለዚህ የሚያውቁትን የዓመት ቁጥር ይጠይቃሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጭራሽ ሲቪውን የሚያነበው ጥቂት ነው፤ የትምህርት ማስረጃው ዋናና ኮፒ፣ ውጤቱና የጽሑፍ ፈተናው ይበልጣሉ። ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ማስታወቂያው በርክቷል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። የምለው ሁሉ የሚሠራው ይበልጡን ለመያዶችና ለማኅበራት ነው።

አንድ ነገር ግን ለሁሉም ይሠራል፤ ደብዳቤ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቀጥሮ ለሠራ ሰው፣ በጠየቀ ጊዜ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለክፍያ ይሰጠው ይላል። የሦስት ወር ኮንትራትም ቢሆን ጠይቁ፤ ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላ ማኅተሙን ይዞ የሚጠብቃችሁ ሰው አይኖርም። በጎ ፈቃደኛን አዋጁ አይመለከተውም። ግን እድር ማኅተም አለው። ሰብሳቢውን በትሕትና ጠይቃችሁ፣ የሠራችሁትን ራሳችሁ ረቂቅ ጽፋችሁ ብትወስዱላቸው አይከለክሉም። ስልካቸውንም ምስክር ብላችሁ ልትጽፉ ትችላላችሁ፤ አስቀድማችሁ ብቻ ንገሯቸው። ሳይነገራቸው ከማያውቁት ቁጥር ተደውሎ ስለ አንዲት የሰፈር ልጅ የተጠየቁ ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚሉት «ምን አጠፋች?» ነው።