«ሳላስበው ነው እኮ!»

ባለፈው እሁድ እናቴ ቡና እያፈላች የምርመራ ውጤቷን ትነግረኝ ነበር። ስኳሯ ከፍ ማለቱን፣ መድኃኒቷ መቀየሩን፣ ብቻዋን ሄዳ ግማሽ ቀን ወረፋ መጠበቋን። መሀል ላይ ዝም አለች። ቀና ስል እያየችኝ ነው። ስልኬ እጄ ላይ ተከፍቷል፤ አውራ ጣቴ ቪዲዮ ይገፋል። መቼ ከኪሴ እንዳወጣሁት ብትጠይቁኝ አላውቅም።

«ሳላስበው ነው እኮ እማዬ» አልኳት።

«እሱንማ አየሁት፤ አላሰብክም» ብላ ሲኒዋን ማጠብ ቀጠለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሳላስበው» የምትለዋ ቃል አልለቀቀችኝም። እውነት ሰው እጁን ሳያስብ ያንቀሳቅሳል? አዎ፣ በአንድ በኩል።

አዲስ ነገር ስንሠራ አንጎላችን ብዙ ይለፋል። ከግንባራችን ጀርባ ያለው ክፍል ምን እንደምንፈልግ ያስባል፤ ከእሱ ቀጥለው ያሉት ክፍሎች እንቅስቃሴውን በቅደም ተከተል ያዘጋጃሉ፤ ትዕዛዙም በህብለ ሰረሰር ወርዶ ጡንቻ ጋ ይደርሳል። ከኋላ በኩል ያለው ትንሹ አንጎል ደግሞ እጃችን ሲኒውን ገፍቶ እንዳይደፋው ያስተካክላል። ደጋግመን የሠራነውን ግን አንጎል በየጊዜው እንደ አዲስ አያቅድም። በአንጎል ጥልቅ ክፍል ያሉት ቤዛል ጋንግሊያ የሚባሉ የነርቭ ሴሎች ስብስቦች ልማዱን በመያዝ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ምልክት ይበቃል፦ የስልክ ንዝረት፣ የወሬ መቀዝቀዝ፣ ወይ ድብርት።

ይሄ በሽታ አይደለም። ባይኖርማ ጫማችንን ስናስር በዋልን ነበር።

ታዲያ ጥፋቱ የአንጎሌ እንጂ የእኔ አይደለም ማለት ነው? እንዲህ ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አንድ የታወቀ ሙከራ ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካዊው ተመራማሪ ቤንጃሚን ሊቤት ሰዎች ደስ ባላቸው ቅጽበት እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ጠየቀ። አንጎላቸው ላይ የታየው የኤሌክትሪክ ለውጥ ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰከንድ ገደማ ቀድሞ ጀመረ። ሰዎቹ «አሁን ፈለግኩ» ያሉት ግን ከእንቅስቃሴው 0.2 ሰከንድ ያህል ቀደም ብሎ ነው። «በቃ፣ አንጎል ይወስናል፣ እኛ ኋላ እንሰማለን» ተባለ።

እኔ ግን ይሄ መደምደሚያ የቸኮለ ይመስለኛል። በርሊን ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሙከራ ሰዎችን ከኮምፒውተር ጋር አጫወተ። ኮምፒውተሩ የአንጎላቸውን ምልክት እያነበበ ልክ እግራቸውን ሊያንቀሳቅሱ ሲሉ ቀይ መብራት ያበራል። ምልክቱ ከጀመረ በኋላም ቢሆን እንቅስቃሴውን መሰረዝ ቻሉ፤ 0.2 ሰከንድ ገደማ እስኪቀር ድረስ።

ፍሬን አለን ማለት ነው። ግን ፍሬኑ ለአጭር ጊዜ ነው የሚይዘው። የእንጦጦን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የሚወርድ ጥሩ ሹፌር ደግሞ የለም፤ ቀድሞ ማርሽ ይቀንሳል። «ከዛሬ ጀምሮ ስልክ አልነካም» ብሎ መማል ፍሬን ብቻ ማመን ነው፤ ስንቴ እንደማልኩ እኔ አውቃለሁ። ማርሽ መቀነስ ማለት ምልክቱን አስቀድሞ ማራቅ ነው፦ ንዝረቱን ማጥፋት፣ ስልኩን ሌላ ክፍል መተው።

«ጥፋተኞቹ አፕ ሠሪዎቹ ናቸው» የምትሉ አላችሁ። እነሱም የማያልቅ ቪዲዮ ሲሠሩ ልማዳችንን አስበው ነው፤ አልክድም። እናቴ ፊት የተቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ። ጣቴ ሳላስበው ሄዶ ይሆናል፤ ስልኩን ይዤ ቡና ላይ መቀመጤ ግን ሳላስበው አይደለም።

በዚህ እሁድ ስልኬን መኝታ ቤት ትቼ መጣሁ። እጄ ሦስቴ ወደ ኪሴ ሄደ፤ ባዶ። ሦስተኛው ላይ እናቴ አይታኝ ሳቀች።

«ምን ጠፋብህ?»

«ምንም። ቀጥዪ እማ።»

ቀጠለች። የመድኃኒቷን ስም አሁን አውቀዋለሁ። የሚቀጥለውን ወረፋ አብረን ነው የምንጠብቀው።