ዘጌ ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ወሩን ይምረጥ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

የዓመት ፈቃዳቸውን በጣና ሐይቅ ለማሳለፍ ለሚያስቡ የመንግሥት ሠራተኞች ጥቂት አሳብ ለማቅረብ ስለፈለግሁ፣ ይህችን ደብዳቤ በአንባብያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ዘጌ በሦስት ወገን ውሃ የከበባት፣ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የምታስኬድ ባሕረ ገብ መሬት ናት። እንደ ቆየው ልማድ በሬ ስለማይጠመድባት ደኗ ሳይመነጠር ቆይቶ ለቡናው ጥላ ሆኖታል። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕል አይቶ፣ በደንገል ታንኳ የሚሠማራውን ዓሣ አጥማጅ ተመልክቶ፣ ማታ ትኩስ ዓሣ መብላት የማይወድ ማን ነው? በርግጥ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የአካባቢው ጸጥታ የታወከ ስለሆነ፣ የመንገዱ ሁኔታ ሳይረጋገጥ ቤተ ሰብ ይዞ መነሣት አይገባም። የምጽፈው መንገዱ ሲመች ለመሄድ ከወዲሁ ለሚያቅድ ሰው ነው።

ዋናው ነገር ወሩ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ፣ በጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን ለብቻው ተራብቶ ዐሥራ አምስት ያህል ዓይነት ሆኗል፤ አብዛኞቹም በሌላ አገር አይገኙም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጡና ዕንቁላላቸውን በጠጠር ላይ ይጥላሉ። አጥማጁም ይህን ስለሚያውቅ መረቡን በወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል፤ ከወንዙም ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ የሚበትን አይጠፋም። በ1978 ዓ.ም. ግድም ሞተር ያለው ጀልባና የናይሎን መረብ ከገባ በኋላ፣ በዐሥር ዓመት ውስጥ የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ያልወለደ ዓሣ በመረብ ሲወጣ ምን ሊተርፍ ይችላል?

እኛ መምህራን ደግሞ ዕረፍታችን ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ማለት ዓሣው በሚወልድበት ወር ገበታ እንቀርባለን። ወር መምረጥ ስለማንችል ምግባችንን እንምረጥ። ነጭ ዓሣውን ትተን ቆሮሶ እንዘዝ። እርግጥ ቆሮሶም በክረምት ይራባል፤ ነገር ግን እናቲቱ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ እዚያው በሐይቁ ዳር ስለምትፈለፍል፣ በአንድ የወንዝ አፍ ተሰብስቦ እንደሚታፈሰው እንደ ነጭ ዓሣው አይደለም። ዕድገቱም ፈጣን ነው።

አንዳንድ ሰው፣ «የአንድ እንግዳ ሳሕን ምን ይጠቅማል? አጥማጁስ ልጆቹን በምን ያሳድግ?» ይል ይሆናል። ስለ አጥማጁ የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው፤ በክረምት ብቻ መረቡን ቢያነሣ ሌላ ሥራ የሚያገኝበትን መንገድ ማሰብ የባለ ሥልጣኖች ፈንታ ነው። ስለ ሳሕኑ ግን ሆቴሉ የሚገዛው የተጠየቀውን ነው።

የቢሮ ሠራተኛ ግን ከእኛ የተሻለ ዕድል አለው፤ ከአለቃው ጋር ተነጋግሮ ፈቃዱን ወደ ኅዳር ወይም ወደ ታኅሣሥ ሊያዛውር ይችላል። ያን ጊዜ የደኑ መንገድ ደርቋል፣ የዘጌ ቡና ቀልቷል። ስድስት ሰባት ሆነው ጀልባ ቢከራዩ ወጪው ይቀላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጠዋት በማለዳ ቢነሡ ይሻላል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር