ጥቁር መነጽርና የእንቁላል ቅርጫት

በአንድ አርብ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነበርን። ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት የአንድ ባለሥልጣን መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ ደረሱ። ጥቁር መነጽር ያደረገ አጃቢ ዘሎ ወረደና «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ ሰውን ይገፋ ጀመር። አንዲት እማሆይ ከነእንቁላል ቅርጫታቸው ወደቁ። ተነሥተው ነጠላቸውን እያራገፉ «ልጄ፣ እንኳን ሰው ዶሮም አርጄ አላውቅ» አሉት። ገበያው ሳቀ፤ እኛም ሳቅን።

ከሳቁ በኋላ ግን ጥያቄ ቀረ። ልጁ ማንን እየጠበቀ ነበር? እሱ ከእማሆይ ጋር ሲታገል አለቃው ብቻቸውን ከመኪና ወርደው ቆመው ነበር!

እኛ ጋዜጠኝነት እንጂ ጥበቃ አልተማርንም። ቢሆንም ሥራው ጉልበት ማሳየት እንዳልሆነ ለመረዳት ወታደር መሆን አያስፈልግም። ጎበዝ አጃቢ መንገዱን ቀድሞ ያያል፤ መውጫውንና ቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ ያውቃል። አደጋ ሲመጣም የመጀመሪያ ሥራው መጋጠም ሳይሆን ሰውየውን ከቦታው ማውጣት ነው። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሆስኒ ሙባረክ ሲተኮስባቸው ነፍሳቸውን ያተረፈው ጥይት የማይበሳው መኪናቸውና ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መመለሳቸው ነው።

«ዘመኑ ክፉ ነው፤ አጃቢ ቢቆጣ ምን ይገርማል?» የሚሉን አሉ። ዘመኑ ክፉ መሆኑን ጋይንት ከማንም በላይ ታውቃለች። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ልጇ ዶክተር አምባቸው መኮንን፣ የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር፣ ባሕር ዳር ላይ በስብሰባ ላይ ሳሉ ተገደሉ። በዚያው ምሽት አዲስ አበባ ውስጥ ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና እንግዳቸው ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ በጄኔራሉ መኖሪያ ቤት ተገደሉ፤ የተኮሰው ደግሞ የጄኔራሉ የራሳቸው ጠባቂ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የተነሣውም የራሳቸው ክብር ዘበኛ ነው።

ታዲያ ከዚህ የምንማረው ገበያተኛን መግፋት ነው? አይደለም! የምንማረው መሣሪያ ለማን እንደሚሰጥ፣ የተሰጠውንም ማን እንደሚቆጣጠረው መጠየቅን ነው። የድሮ ጋሻ ጃግሬ የጌታው ሰው ነበር። የዛሬው አጃቢ ግን ደመወዙ ከሕዝብ ነው፤ ተጠያቂነቱም ለሕግ ነው። በዝምድና ወይም በትከሻ ስፋት ሳይሆን በማንነት ማጣራትና በሥልጠና ይመረጥ። ሰው ሲገፋ ደግሞ የት እንደሚከሰስ ይታወቅ። የባለሀብትና የዘፋኝ ጠባቂም ከዚህ ውጪ አይደለም።

አንድ ነገር እንጨምር። ገበያ ውስጥ ጸጉረ ልውጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያውቀው ገበያተኛው ነው። እማሆይን የገፋ አጃቢ የገፋው ከማንም ቀድሞ «ልጄ፣ ያንን ሰውዬ እየው» የሚለውን ዓይን ነው። የተገፋ ሰው አይጠቁምም፤ ዞር ብሎ ያያል። ሕዝቡን ሁሉ እንደ ጠላት የሚያይ ጠላቱን ለይቶ ማየት አይችልም።

የእማሆይን እንቁላል የከፈለ አልነበረም። የተረፉትን ከመሬት የለቀሙላቸው ያው የተገፉት ገበያተኞች ናቸው። አለቃውም እነዚያን እጆች ሳያዩ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ። አጃቢ ማለት ማን እንደሆነ እዚያ ገበያ ላይ ያየን መሰለን።

ቸር እንሰንብት!