መሰንጠቂያው ወደ ዛፉ ሲመጣ፦ ተንቀሳቃሽ የጣውላ ማሽን፣ የአርሶ አደሩ ገቢና የግንዱ ሰነድ

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች ባሕር ዛፍ ወይም የፈረንጅ ጥድ ያለማ አርሶ አደር ዛፉን የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ በቁሙ ነው። ነጋዴው በማሳው ዳር ይዘዋወራል፤ በዓይኑ ይገምታል፤ ዋጋ ይጠራል። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጆች የትምህርት ወጪ ወይም ሠርግ የደረሰበት ባለቤት ጥቂት ተከራክሮ ይስማማል። ዛፉ ተቆርጦና ተጭኖ፣ በከተማ መሰንጠቂያ ቤት አልፎ ሞራሌ ወይም ጣውላ ሆኖ ሲሸጥ የሚያወጣውን ዋጋ ግን ባለቤቱ አያየውም። ከአንድ ግንድ ስንት ጣውላ እንደሚወጣ የሚያውቁት ነጋዴውና ባለመሰንጠቂያው ብቻ ናቸው።

ለዚህ አሠራር ዋነኛው ምክንያት የግንዱ ክብደት ነው። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ከክብደቱም ብዙው ውኃ ነው። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ይህን ሸክም እስከ መንገድ ማድረስ የሚችል አርሶ አደር ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛፉ ገና ቀጭን ሳለ፣ ሰው ሊሸከመው በሚችልበት ዕድሜ፣ አጣና ሆኖ ይሸጣል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ወደ አገሪቱ ከገባ ወዲህ የአዲስ አበባን ግንባታና ማገዶ ሲሸከም የኖረው በአመዛኙ በዚህ መልኩ ነው። የዛፉ ውፍረት ከ20 ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ሲያድግ ግን ርዝመቱ እንኳ ባይጨምር የእንጨቱ መጠን አራት እጥፍ ይሆናል። አጣና ሆኖ የሄደው ዛፍ ይህን ዕድገት ሳያይ ነው የሚቆረጠው።

ተንቀሳቃሽ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን የሚለውጠው ይህንኑ ሁኔታ ነው። ማሽኑ በሁለት ሐዲድ መሰል ብረቶች ላይ የሚሄድ ሞተርና መጋዝ ሲሆን፣ በፒካፕ ተጎትቶ ወይም ተፈታትቶ ተጭኖ እስከ ማሳው ይደርሳል። ግንዱ ከተቀመጠበት አይነሣም፤ የሚመላለሰው መጋዙ ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ይህ ሥራ የሚከናወነው አንዱ ከግንዱ በላይ፣ ሌላው ከሥሩ በጉድጓድ ውስጥ ቆመው በሚጎትቱት ረጅም መጋዝ ነበር። ዛሬም በብዙ ቦታ የሚሠራው በዚሁ በእጅ መጋዝ ወይም በተለምዶ ቼይንሶ በሚባለው የሞተር መጋዝ ነው።

ቼይንሶ ለመቁረጥ እንጂ ለመሰንጠቅ የተሠራ መሣሪያ አይደለም። ሰንሰለቱ በእያንዳንዱ መስመር 8 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል። ቀበቶ የመሰለ ቀጭን ምላጭ ያለው ተንቀሳቃሽ ማሽን ግን የሚበላው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከግንድ ወጥቶ በአራቱም ጎን የተስተካከለ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ወደሆነ ጣውላ ቢሰነጠቅ፣ በቼይንሶ 9፣ በቀበቶ መጋዝ 11 ጣውላ ይወጣል። በቼይንሶ የወጣው ጣውላ በአንድ በኩል ወፈር በሌላው ሳሳ ብሎ ስለሚገኝ በፒያላ ሲስተካከል ደግሞ ሌላ ይባክናል። ለአንድ ዛፍ ሁለት ጣውላ ቀላል ሊባል ይችላል፤ ለአንድ ሄክታር ባለቤት ግን የዓመት ወጪ የሚሸፍን ልዩነት ነው።

ማሽኑ ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አይደለም። ባሕር ዛፍ፣ በተለይ ነጩ፣ በውስጡ ይዞት የሚያድገው ውጥረት ስላለ ገና ሲቆረጥ ጫፉ ይተረተራል፤ ጣውላውም ይጣመማል። ወፍራም ግንድ መምረጥ፣ ከተቆረጠ በኋላ ሳይዘገይ መሰንጠቅ፣ ጫፎቹን በቀለም ወይም በሰም መሸፈንና ጣውላውን በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ በጥላ ሥር መደርደር ጉዳቱን ይቀንሳል። በፀሐይ ላይ የተጣለ ጣውላ በሳምንት ውስጥ ዋጋውን ሊያጣ ይችላል። የፈረንጅ ጥድና ግራቪሊያ በዚህ ረገድ ታዛዥ ናቸው፤ ለጀማሪ የሚመከሩትም እነሱ ናቸው።

ጉዳዩ አሁን ትኩረት የሚሻባቸው ምክንያቶች አሉ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ካስገኛቸው ችግኞች መካከል ለጣውላ የሚሆኑት ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ቦርድና ጣውላ በብር ሲታሰብ ተወድዷል። ይህም ለአገር ውስጥ ጣውላ ዕድል ነው። ያው ለውጥ ግን የማሽኑንም ዋጋ አንሮታል፤ ስለዚህ በግል ከመግዛት ይልቅ በማኅበር ተደራጅቶ መያዝ ወይም በካፒታል ዕቃ ኪራይ አገልግሎት መጠቀም የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል። በኪራይ አገልግሎቱ ማሽኑ ክፍያው እስኪጠናቀቅ የአከራዩ ንብረት ሆኖ ይቆያል። ሥራ ከሌለበት ወር ጋር የማይጣጣም የክፍያ ጊዜ የተቀበለ ማኅበር ይቸገራልና፣ ከመፈረም በፊት በክረምት መንገድ ሲዘጋ ክፍያው እንዴት እንደሚሆን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ገበያ ሲገኝ አርሶ አደሩ ዛፍ ከመትከል ወደኋላ እንደማይል በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ታይቷል። በዚያ ዲከረንስ የተባለውን ግራር ከሰብል ጋር እያፈራረቁ ለከሰል ማልማት የአካባቢውን ኑሮ ለውጧል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የገባው የዝገት በሽታ ደግሞ ኑሮን በአንድ ዝርያና በአንድ ምርት ላይ መጣል ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል። ጣውላ ሁለተኛ በር ነው፤ ከሁሉም ማሳ ባይሆንም ከማሳው የተወሰኑ ዛፎችን ለውፍረት ማቆየት ይቻላል።

አሳሳቢው ጥያቄ ሌላ ነው። እስከ አርሶ አደሩ ማሳ የሚደርስ ማሽን እስከ ተፈጥሮ ደንም ይደርሳል። ቀድሞ የአንድን ትልቅ ዝግባ ግንድ ከደን ማውጣት ብዙ ሰውና ጫጫታ ይጠይቅ ነበር። ግንዱ በወደቀበት ከተሰነጠቀ ግን በአህያ ይጫናል። ቅርፊቱና ቅጠሉ የተለየው ጣውላ ደግሞ ከየት እንደመጣ አይናገርም፤ የዝግባ ጣውላ ከፈረንጅ ጥድ ጋር ላልሠለጠነ ዓይን ይቀራረባል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የሐበሻ ጥድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ የከለከለው እነዚህ ዛፎች እየተመናመኑ በመምጣታቸው ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደንን ለይቶ ዕውቅና ይሰጣል። እንግዲህ ሕጋዊነትን የሚወስነው ማሽኑ ሳይሆን የግንዱ ምንጭ ነው።

በዚህ መካከል የሚጎዳ አንድ ሰው አለ፤ በራሱ ማሳ ዋንዛ ተክሎ ያሳደገው አርሶ አደር። ከደን እንደተሰረቀ ተጠርጥሮ በኬላ የሚያዘው የሱም ጣውላ ሊሆን ይችላል። ይህ ሥጋት ባለበት ሰው አገር በቀል ዛፍ ለመትከል ይሰንፋል፤ ቁጥጥሩም ሊጠብቀው የተነሣውን ነገር መልሶ ይጎዳል። ለዚህ መፍትሔው ማስረጃውን ዛፉ ቆሞ ሳለ መያዝ ነው። ከተሰነጠቀ በኋላ የሚቀርብ ማመልከቻ ባለሙያውንም ባለንብረቱንም ያስቸግራል፤ ሊታይ የሚችለው ጉቶ ብቻ ነውና።

የፈቃዱ ዓይነትና የሚሰጠው አካል ከክልል ክልል ስለሚለያይ ባለጉዳዩ በቅድሚያ የሚጠይቀው የቀበሌውን የልማት ጣቢያ ባለሙያ ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይዞ መቅረብ ይጠቅማል። ባለሙያው ዛፎቹን በዝርያና በቁጥር መዝግቦ፣ ከተቻለም ውፍረታቸውን ለክቶ እንዲፈርም መጠየቅ ይገባል። እንጨቱ እዚያው የሚሰነጠቅ ከሆነ ይህንኑ አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የማጓጓዣ ወረቀቱ ስለ ግንድ ወይም አጣና ብቻ የሚናገር ሆኖ ጭነቱ ጣውላ ከሆነ በኬላ ጥያቄ ይነሣል። ማሽን ተከራይቶ የሚያሠራ ሰውም ሆነ በክፍያ የሚሰነጥቅ ማኅበር የዚህን ሰነድ ቅጂ ሥራው በሚካሄድበት ቦታ ቢያኖር፣ ባለማሽኑ የማን ግንድ እንደሰነጠቀ ሲጠየቅ የሚያሳየው ይኖረዋል።