አጃ ከቆርቆሮ አይበቅልም!

ሰሞኑን ስልካችንን በከፈትን ቁጥር አንድ ነገር ይመጣብናል። አንዱ ነጭ ኩሽና ውስጥ ቆሞ ከውጭ የመጣ የኦትስ ቆርቆሮ ይከፍትና «ጤናማ ቁርስ ማለት ይሄ ነው» ይለናል። የዲላ ወላጅ ይህን አይቶ ሱቅ ይገባል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ደንግጦ ይወጣል። ከዚያ ለልጁ ቦንቦሊኖ ይገዛል። «ጤናማ ምግብ ለሀብታም ነው» ብሎ ተስፋ ቆርጧላ!

ወገኖቼ፣ ኦትስ ማለት እኮ አጃ ነው። ያው አያቶቻችን ለአራስ አጥሚት የሚያፈሉት፣ ገንፎ የሚያገነፉት አጃ። እንዲያውም ሳይንሱ አቬና አቢሲኒካ ብሎ በአገራችን ስም የሚጠራው የአጃ ዓይነት አለ። በደጋው ከገብስ ማሳ መሀል አብሮ ይበቅላል፣ አብሮ ይታጨዳል። እኛ «የድሃ እህል» ብለን የናቅነውን ዘር ሌላው ቆርቆሮ ውስጥ ከትቶ ሲልክልን ግን ሰልጥነናል እንላለን።

ነገሩ የፋሽን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። የሃይስኩል አስተማሪ ነኝ። በስኳር ሻይና በቦንቦሊኖ የመጣ ልጅ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ምን እንደሚሆን በየቀኑ አያለሁ። ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ነው፣ ልቡ ግን የለም። እኛ ደግሞ «ሰነፍ» እንለዋለን። ስኳርና ነጭ ዱቄት ቶሎ ይፈጫል፣ ቶሎ ያልቃል። አጃ፣ ገብስ፣ ቦሎቄ አሰር ስላላቸው ቀስ ብለው ይፈጫሉ። ልጁን እስከ ምሳ የሚያደርሰው ይሄ ነው።

በመስከረም 2016 ዓ.ም የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችንም ጨፍረናል። የተመዘገበው እኮ እንሰቱ፣ ቡናውና ዛፉ ተደጋግፈው ሰው የሚያኖሩበት ጥበብ ነው። በዚያ የምንኮራ ሰዎች ጓሯችን ያለውን ሙዝና አቮካዶ ለነጋዴ ሸጠን፣ በገንዘቡ ለልጅ ብስኩት እንገዛለን። ይሄ ምን ይባላል?

ለወሬ ብቻ እንዳይሆን፣ ያንን በስልክ የምታዩትን የተጋገረ ኦትስ በቤታችን ዕቃ እንዲህ ሥሩት። 2 ብርጭቆ የተፈተገና እንደ ቂንጬ የተከካ አጃ ሌሊቱን በውኃ ዘፍዝፉና አጥልሉት። 2 በጣም የበሰለ ሙዝ ደፍጥጡ፣ 2 እንቁላል ምቱ፣ 1 ብርጭቆ ወተት፣ ትንሽ ጨውና ቀረፋ ጨምራችሁ አዋህዱት። ስኳር አያስፈልግም፣ ሙዙ ይበቃል። ድስት ውስጥ ኮባ አንጥፉ፣ ገልብጡበት፣ ክደኑት። እንደ ድፎ ዳቦ ከታችም ከክዳኑም ላይ ለስላሳ ፍም አድርጋችሁ እስኪረጋ ጠብቁ። ቢላ ሲወጋ ንጹህ ሆኖ ከወጣ በስሏል። ቆራርጣችሁ በአቮካዶ ብሉት።

አጃ ከጠፋ ከቡሌ የሚወርደው ገብስ አለላችሁ። ሙዝ ከሌለ የተቀቀለ ዱባ ወይም ስኳር ድንች ይተካል። ጾም ከሆነ እንቁላሉን በተፈጨ ተልባ፣ ወተቱን በውኃ ቀይሩት። ቆጮ ያለው ቤትም ቆጮውን አይናቅ። ኃይል ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ስለሆነ ከአይብ ወይም ከቦሎቄ ጋር ይቅረብ።

«ጊዜ የለንም» የሚለኝ አይጠፋም። ማታ ዘፍዝፎ ተኝቶ፣ በማግስቱ ራት ሲሠራ ጎን ለጎን መጋገር ነው። ጠዋት መቁረጥ ብቻ። ፍሪጅ ያለው ለሦስት ቀን ይጋግር፣ የሌለው ለማግስቱ የሚበቃውን ያህል።

«የሚበላው የሌለውስ?» ለምትሉኝ፣ ልክ ናችሁ። እንቁላልና ወተት ብርቅ የሆነበት ቤት አለ፣ ለዚያ ቤት የምግብ አሠራር መለጠፍ ስድብ ነው። የዚያን ልጅ ቁርስ ትምህርት ቤትና መንግሥት ሊያስቡበት ይገባል። የተማሪ ምገባ ሲነሳ የትንንሾቹ ብቻ ነው የሚወራው፤ የ9ኛ ክፍል ልጅ ሆድ የለውም እንዴ?

እኔ የምወቅሰው እያለው የሚያስርበውን ነው። ለስልክ ካርድ የማይሰስት፣ ለልጁ ቁርስ ግን ቦንቦሊኖ የሚበቃው የሚመስለውን። ነገ ጠዋት ልጃችሁ ምን በልቶ እንደወጣ እዩ። ከዚያ በኋላ ስለ ውጤቱ እንነጋገራለን።