በአይጥ አንጎል ውስጥ የበራ አረንጓዴ



አንድ ተማሪያችን «ቲቸር፣ የጉበት ሴልና የአንጎል ሴል የያዙት ጂን አንድ ዓይነት ከሆነ ሥራቸው ለምን ተለያየ?» ሲል ጠየቀን። (ጂን የምንለው የምትፈሩትን ጂን አይደለም፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የዘር መመሪያ ነው። ይህን ሳናብራራ የክፍሉ ሳቅ አይቆምም!)

ሁሉም ሴል ማለት ይቻላል ሙሉውን መጽሐፍ ይዟል፤ የሚያነበው ግን ለሥራው የሚያስፈልገውን ገጽ ነው። አስቸጋሪው አንጎል ነው። እዚያ ጎን ለጎን ያሉ ሴሎች መልካቸው አንድ ሆኖ የሚያነቡት ገጽ ሊለያይ ይችላል። ታዲያ በምን ይለዩ?

በኒውዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ናትናኤል ሃይንትስ፣ ሜሪ ቤት ሃተንና ባልደረቦቻቸው ብልሃቱን በአይጥ አገኙት፤ «ጄንሳት» የተባለውን የአንጎል አትላሳቸውንም በ2003 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉ። አንድን የአይጥ ጂን መቼና የት እንደሚሠራ ከሚያዙት ክፍሎች ጋር የያዘ ረጅም የዲኤንኤ ቁራጭ ይወስዳሉ። በጂኑ መነሻ ላይ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን መመሪያ ይሰካሉ። ይህ ፕሮቲን ጃፓናዊው ኦሳሙ ሺሞሙራ በ1962 ከጄሊፊሽ ያገኙት ነው፤ በ2008 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ቁራጩ በጽንስ መነሻ ላይ ባለ የአይጥ እንቁላል ውስጥ በቀጭን መርፌ ይገባል። ከዚያ የተገኙት አይጦች አንጎል በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ያ ጂን የሚሠራባቸው ሴሎች ከነቅርንጫፎቻቸው ተለይተው ይወጣሉ። ምርመራው በጽንስነት፣ በተወለዱ በ7ኛው ቀንና ካደጉ በኋላ ይደረጋል። እያንዳንዱ ሥዕል የእንስሳ ሕይወት መጠየቁን ግን ልንዘነጋው አይገባም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ እርምጃቸው የከበደ አባት ያላችሁ ቤተሰቦች የፓርኪንሰንን ነገር ታውቁታላችሁ። በበሽታው ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ያንሳል። ዶፓሚኑን ከሚቀበሉት የአንጎል ክፍሎች በዋነኛው ውስጥ ሁለት ዓይነት ሴሎች ተደባልቀው ይኖራሉ፤ በቅርጻቸው ማንም አይለያቸውም። በአረንጓዴው ብርሃን ግን ተለዩ። በ2006 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ዶፓሚን ሲጠፋ አንደኛው ዓይነት መልእክት የሚቀበልባቸውን ጥቃቅን እሾሆች እንደሚያጣ፣ ሌላኛው ግን እንደማያጣ አሳየ። 

ካርታ ግን መድኃኒት አይደለም፤ አይጥም ሰው አይደለም። «ፈውስ ተገኘ» የሚል ወሬ ሰምታችሁ የአባታችሁን ኪኒን እንዳታስተጓጉሉ። የእነዚህ አይጦች ዘር ግን በየላቦራቶሪው ተሰራጭቷል፤ የሚነበበው ገጽም ብዙ ነው።